ነጭ ዓሣ እንቁላሏን የምትጥልበት ጠጠር

ወረታ ላይ የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ርዕሰ መምህሩ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ማይክሮስኮፕ እና አሥረኛ ክፍልን አስረከቡኝ። "ማይክሮስኮፑ አይሠራም" አሉኝ፣ "ግን ተማሪዎቹ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው።" አስቀመጥኩት። እውነታቸውን ነበር፤ ደስ አላቸው።

የዚያን ቀን ትምህርት ስለ ዘር ውርስ ነበር። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ አተር አበባ ነው። ሐምራዊና ነጭ አበባ ሰሌዳ ላይ ስዬ ሳስረዳ አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የጥጃ አባት ይታወቃል፤ የእነ እገሌ ኮርማ ነው ይባላል። የዓሣ አባት በምን ይታወቃል?" ክፍሉ አውካካ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ መልሱን አላውቀውም ነበርና። "ጠይቄ እነግርሻለሁ" አልኳት። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ስለ ዓሣ የሚያውቀው አጠባበሱን ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ጥያቄው አልለቀቀኝም። ወረታ ጥቂት ዓመት አስተምሬ ለሁለተኛ ዲግሪ ሄድኩ፤ ከዚያም ለዶክትሬት ውጭ አገር። ስመለስ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያስተማርኩ የዓሣን ዘረ መል ማጥናት ያዝኩ። የመረጥኩት ነጭ ዓሣን ነው። ዘመዶቼ ግን ግራ ገባቸው። አጎቴ አንድ ጊዜ "ሐኪም ትሆኛለሽ ስንል የዓሣ ሐኪም ሆንሽ?" አሉኝ። ሐኪም እንኳ እንዳልሆንኩ ማስረዳቱን ተውኩት።

ነጭ ዓሣ የሚኖረው ጣና ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ በጉማራና በርብ ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። ጥልቀት በሌለው፣ ውሃው እየተንሿሿ በሚያልፍበት ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ጥሎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ይህን የፎገራ ባላገር ሁሉ ያውቀዋል። ያልታወቀው ሌላ ነው። ጉማራ ውስጥ የተፈለፈለች ዓሣ ስታድግ መልሳ ጉማራን ትፈልጋለች ወይስ ደስ ያላት ወንዝ ትገባለች? ነገሩ የዋዛ አይደለም። የትም የምትገባ ከሆነች አንዱ ወንዝ ቢበላሽ የሌላው ዓሣ ይተካዋል። ወደ ተፈለፈለችበት የምትመለስ ከሆነች ግን የጉማራ ጠጠር የጠፋ ዕለት የጉማራ ነጭ ዓሣም አብሮ ያልቃል። በዚያው ሰሞን ደግሞ የጠጠር ጫኝ መኪናዎች ጉማራን ከታች ጀምረው ወደ ላይ እየመጡ ነበር።

ለባልደረቦቼ አንድ ነገር ልናገር። ይህን ዓሣ ለማጥናት መነሣት ራስ ምታትን በፈቃድ መግዛት ነው። እኛ ሰዎች ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ የዘረ መል ቅጂ ወርሰን በሁለት እንኖራለን። ነጭ ዓሣ ስድስት ቅጂ ይዞ ነው የሚዞረው። ውጤቱን ሳነብ መብራት ይጠፋል፣ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ከመጀመሪያው ይነሣል። የላቦራቶሪ ቴክኒሻናችን ካሳ "ዶክተር፣ ለምን አተር አናጠናም?" እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

የመጀመሪያው የመስክ ሥራችን ከወንዛዬ ፍል ውሃ ዝቅ ብሎ፣ ጉማራ ዳር ነበር። መኪናችን መረሬ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ስለቀረ ዕቃችንን ተሸክመን በእግር ሄድን። ወይዘሮ ጥሩዬ የሚባሉ፣ ከወንዙ ዳር የሚኖሩ ሴት ቤታቸውን ለቀቁልን። በመረብ የያዝናቸውን ዓሦች በባልዲ አድርገን ከጓዳቸው ጥግ አስቀመጥን። ለዘረ መሉ ከክንፋቸው ቁራሽ ወስደን አልኮል ውስጥ ልናስቀምጥ፣ ከዚያ አፋቸውንና ጭንቅላታቸውን እያየን ዓይነታቸውን ልንለይ ነበር። በአንድ ስም ነጭ ዓሣ ይባል እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የሚለየውም በጭንቅላቱ ነው።

የቀረውን መረብ ሰብስበን ከወንዝ ስንመለስ ወይዘሮ ጥሩዬ ፊታቸው በርቶ በር ላይ ጠበቁን። "በሉ ግቡ፣ እጃችሁን ታጠቡ" አሉን። ዓሦቹን ቅርፊታቸውን ፍቀው፣ ክንፋቸውን ቆርጠው፣ ጭንቅላታቸውን ጥለው፣ በሎሚና በጨው አጥበው፣ እንደ ዶሮ ብልት ብልቱን አውጥተው ሰፌድ ላይ ደርድረዋቸዋል።

"እማማ፣ ጭንቅላቱስ?" አልኩ።

"ኧረ ምን ይሠራል ብለሽ ነው ልጄ? ለውሻ ጣልነው። ክንፉም ጉሮሮ ይወጋል።"

"እኛ የመጣነው ለክንፉ ነበር።"

እኔን አዩኝ፤ ካሳን አዩት። "እንግዳ ከቤቴ ገብቶ፣ የሚበላውን ራሱ ሲያጥብ ልይ? ሰውስ ምን ይለኛል?" አሉ።

ከሥጋውም ዘረ መል ማውጣት ይቻላል፤ ግን የየትኛው ዓይነት ሥጋ እንደሆነ የሚናገር ጭንቅላት አልነበረም። በማግሥቱ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ መረብ የማያስጥል ሆነ። ስለዚህ የዓመቱን ናሙና በአዋዜ በላነው። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ የጣፈጠኝ ዓሣ እስካሁን የለም። ባሕር ዳር ስንመለስ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናሙናው የት እንዳለ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "ሪፖርቱ ላይ የአካባቢው ሕዝብ ከፍተኛ ትብብር አድርጎልናል ብለሽ ጻፊ" አሉኝ።

በዓመቱ በፍልሰታ ተመለስን። ያን ጊዜ ያዋጣናል ያልነው ቦታ የጥምቀት ታቦት ከሚወርድበት ውሃ አጠገብ ያለ ሰፊ ጠጠር ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ሞላ መረባችንን አይተው በመቋሚያቸው አስቆሙን።

"እንዴት ዋላችሁ። ይኸ ምንድን ነው?"

"ዓሣ ልናጠና ነው አባታችን፤ ይፍቱን።"

"ይፍታችሁ። ስታጠኑት ይሞታል?"

"ይሞታል።"

"እንዲያማ ከሆነ እዚህ አይሆንም። በፍልሰታ፣ በዚህ ውሃ ላይ የሚገደል ነገር አላይም።"

ካሳ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ግን የወይዘሮ ጥሩዬ ሰፌድ ትዝ አለኝ፤ ለነገሩ የሚያስፈልገን ክንፍ ነው። የዓሣዋን ጭንቅላት በሕይወት እያለች አይተን፣ ፎቶ አንሥተን፣ ከጅራቷ ጫፍ የጥፍር ያህል ቆርጠን ብንለቃትስ? ይህንኑ ነገርኳቸው።

"እንደ ጥጃ ጆሮ ምልክት?" አሉኝ።

"አዎ አባታችን፣ እንደ ጥጃ ጆሮ።"

ፈቀዱ። ፈቅደውም አልሄዱም። ቅዳሴ እስኪገባ ድረስ ከዳር ቆመው እያንዳንዷ ዓሣ ዋኝታ መሄዷን አዩ። አንዷ ደንዝዛ ስትንገዋለል ካሳን "ቀጥ አድርገህ ያዛት እንጂ!" ብለው ተቆጡት። እኛም የምናውቀውን አሠራር ትተን በእሳቸው ምክንያት ያገኘነውን ያዝን፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ዓሣ ገድዬ አላጠናሁም። ለዚህ ዕድሜ ልኬን አመሰግናቸዋለሁ፤ ያተረፍኩት ትርፍ በዓመቱ ነው የገባኝ።

በዓመቱ እዚያው ጠጠር ላይ ከመረቡ ካወጣናቸው አንዷ ጅራቷ ጫፉ ላይ ጠማማ ነበር። የተቆረጠ ክንፍ መልሶ ሲበቅል እንደዚያ ይሆናል። ቁራሿን ይዘን ላቦራቶሪ ገባን፤ መብራትም ለአንድ ጊዜ አዘነልን። ስድስቱም ቅጂ ከአምናዋ ጋር ገጠመ። ራሷ ነበረች። ከሐይቁ ተነሥታ፣ የርብን አፍ አልፋ፣ በጉማራ ሽቅብ መጥታ እዚያው ጠጠር ላይ ተገኘች። ካሳ ስለ አተር ማውራቱን የዚያን ቀን ተወ።

አንዲት ዓሣ ብዙ አታስረዳም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገረው ነገር አገኘሁ። ጊዜውም ደርሶ ነበር። በተከታዩ ሐምሌ ከወንዙ ጠጠር እያወጣ የሚሸጠው ማኅበር ክረምቱ ሲወጣ ያንን ጠጠር ሊያነሣ እንደተፈቀደለት ሰማሁ። መኪና በቀላሉ የሚገባበት ቦታ እሱ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደሳለኝ ወረታ ያስተማርኩት ተማሪዬ ነው፤ አሁን የልጆች አባት ሆኗል።

የአገሩ ሽማግሌዎች እኔንና የማኅበሩን ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሰበሰቡን። ስለ ዓሣዋ ተናግሬ ስጨርስ ደሳለኝ ተነሣ።

"ቲቸር፣ እናቴ ማለት ነዎት፤ ከፊትዎ ቆሜ መናገር ይከብደኛል። ግን ያስተማሩኝ ባዮሎጂ ልጆቼን አላበላልኝም። የሚያበላቸው ይኸ ጠጠር ነው።"

ሐሰት አልተናገረም።

"ያቺን ዓሣ እርስዎ አዩአት እንጂ እኔ አላየኋትም" ብሎ ቀጠለ። "ዘንድሮ እኔው በእጄ ምልክት ላድርግባቸው። በዓመቱ አንዲት እንኳ ከተመለሰች ጠጠሩን እንተዋለን። ካልመጣች መኪናው ይገባል።"

እንደ ተመራማሪ ይህ ምን ዓይነት ሙከራ ነው? የዓሣዋ አለመምጣት ምንም አያረጋግጥም። በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃታል፤ በሐይቁ ውስጥም የሚበላት ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ዘረዘርኩ። ቄስ ሞላ ሰምተው ሲያበቁ "ልጄ፣ ሌላ የምትሰጭን አለሽ?" አሉኝ። አልነበረኝም። ፈራሁ፤ እየፈራሁም ተስማማሁ። ሽማግሌዎቹ ጠጠሩን እንደ ክልክል ሣር ለአንድ ዓመት ከለከሉት። በእኛ አገር ክልክል ሣር ላይ ከብቱን የለቀቀ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ዓይን ለዓይን አይተያይም።

ነሐሴ ላይ መቀሱን ለደሳለኝ ሰጠሁት። የቤተሰቡ ከብት ምልክት ጆሮ ላይ ሁለት ቅድ ነው፤ በዓሦቹም ጅራት ላይ ሁለት ሁለት ቅድ አደረገ። መጀመሪያ ላይ እየተንሸራተቱ ሲያመልጡት ይሳደብ ነበር። እየዋለ ሲሄድ ግን በእርጥብ እጅ መያዝን፣ ዓይናቸውን በመዳፍ መሸፈንን ለመደ።

በቀጣዩ ክረምት ደሳለኝ ሁልጊዜ ከእኛ ቀድሞ ይደርስ ነበር። እስከ ጉልበቱ ከውሃው ገብቶ ይቆማል። ዓሦቹ መጡ። ከመረቡ የምትወጣውን ሁሉ እሱ ተቀብሎ ጅራቷን ያያል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ ይለቃታል። አንድ ቀን ከእግሩ ሥር ድንጋይ ቢያነሣ ማሽላ ማሽላ የሚያክሉ እንቁላሎች ከጠጠሩ መካከል አየ። ጠራኝና አሳየኝ። ከዚያ ድንጋዩን እንደነበረ መለሰው። ፍልሰታ ተፈታ። ባለ ሁለት ቅድ ዓሣ አልመጣችም።

ባሕር ዳር ተመልሼ ሳልሰማው ጠጠሩ ተጭኖ እንዳይሆን እየሰጋሁ ከረምኩ። መስቀል እንዳለፈ ለማኅበሩ የማቀርበውን ልመና በመንገድ ላይ እያጠናሁ ሄድኩ። ስደርስ ሰው ሁሉ ደቦ ወጥቷል። ቁጥቋጦ እየመነጠሩ፣ ድንጋይ እያነጠፉ፣ ወንዙ ድሮ ጥሎት ወደ ሄደው ደረቅ መውረጃ የመኪና መንገድ ይከፍታሉ። እዚያም ጠጠር ሞልቷል፤ ሩቅ ስለሆነ ነበር የተተወው። ወይዘሮ ጥሩዬ ለሠራተኛው ጠላ ይቀዳሉ። ደሳለኝ ከነዶማው ወደ እኔ መጣ።

"ደሳለኝ፣ የአንተ አልተመለሰችም እኮ" አልኩት።

"አልተመለሰችም።"

"ታዲያ ውላችን?"

"ቲቸር፣ ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ውሃ ቆሜ የመጡትን አንድ በአንድ ይዤ ስለቅ ከረምኩ። እንግዲህ በየትኛው እጄ ነው አካፋ የማነሣባቸው?"

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ወይዘሮ ጥሩዬ ጠላ ሰጡኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጠጠሩ አለ፤ ዓሦቹም በየክረምቱ ይመጣሉ። ደሳለኝ የጠየቀኝን ማስረጃ እስከ መጨረሻው አላገኘሁለትም። ሰው በእጁ ይዞ የለቀቀውን ነገር ይጠብቃል። ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ መስክ ስትወጡ መቀሱን ለአካባቢው ሰው ስጡት።