አልጎርስ ያለው ጠመንጃ

የጧፍ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን አንኮበር ያለው ቤታችን ነው፤ እናቴ ከምድጃው ርቃ፣ በመስኮቱ ብርሃን ተቀምጣ፣ የተተኮሰ የጥይት ቀለህ በባሩድና በእርሳስ እንደገና እየሞላች አፉን በሰም ትደፍን ነበር። አባቴ ተኳሽ ነው፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። ጎረቤቱ ግን ጥይቱን የሚሞላው እሱ ስለሚመስለው የአባቴን እጅ ያመሰግን ነበር፤ አባቴም ምስጋናውን አንገቱን ደፍቶ ይቀበል ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ የቆላው ማሽላችን ማፍራት ሲጀምር፣ አባቴ ጥይቱን በኮረጆ ይዞ ገደሉን ይወርድና እስከ አጨዳ ድረስ ማማ ላይ ሆኖ ከከርከሮ ጋር ይፋጠጥ ነበር።

አንድ ጥቅምት ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ጥይቱ ግማሽ ድረስ ገብቶ እየተቀረቀረ ጠመንጃው አልጎርስ ብሎት፣ ከርከሮው ዓይኑ እያየ የማሽላውን ሲሶ አጋድሞት ነበር። የቀረውም ከሄደ የዓመቱ እንጀራችን ሄደ ማለት ነው። ሁለት ጎረቤቶች መጥተው አገላብጠው አዩና ጥይት ማጉረሻው ጠቧል ብለው ፈረዱ፤ ሞረድም ተፈልጎ መጣ።

እናቴ ከቤት ቀርቶ ከነበረው ጥይት አንዱን አምጥታ ብታጎርሰው ሰተት ብሎ ገባ። ቆላ ደርሶ ከተመለሰው አንዱን ስትሞክር ተቀረቀረ። እሱን አውጥታ በጥፍሯ ብትፍቀው አቧራ የጠጣ ሰም ተላጠ።

«ሞረዱን አስቀምጡት፣ ጠመንጃው ምን በደለ?» አለች። «ሰሙን ያበዛሁት እኔ ነኝ። እዚህ ብርድ ላይ ድንጋይ ነው፤ ቆላ ሲወርድ ይቀልጥና በቀለሁ ጎን ይፈሳል።»

ሰዎቹ ወደ አባቴ ዞሩ። እሱም፣ «አዎ፣ የምትሞላው እሷ ናት። እኔ መተኮስ ብቻ ነው የማውቀው» አለ።

«ለካ ይህን ሁሉ ዘመን የመረቅነው የሰው እጅ ኖሯል!» አለ አንደኛው፣ ሁሉም ሳቁ።

እናቴ ጥይቱን አንድ በአንድ ፍቃ፣ በጨርቅ ወልውላ፣ አፉን በስሱ ደፍና ሰጠችው፤ አባቴም በዚያው ቀን ወረደ፤ የቀረው ማሽላ ጎተራ ገባ። ከዚያ ወዲያ የመንደሩ ባለጠመንጃ ሁሉ ባዶ ቀለሁን ይዞ የሚመጣው የእሷን ስም እየጠራ ነበር።

ዛሬ ደብረ ብርሃን፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ዕቃ በተበላሸ ቁጥር ስብሰባ እንቀመጣለን፤ ማሽኑ ይወቀሳል፣ ጥሬ ዕቃው ይወቀሳል፣ የሌላው ፈረቃ ይወቀሳል። እኔም ሌላውን ለመውቀስ አፌን ስከፍት የምኮራባት እናቴ ትመጣብኛለች፤ ጥፋቷን በአደባባይ አምና ባለሙያ የተባለች ሰው ከእሷ ሌላ እስካሁን አላየሁም።