የከሳሁበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪኝ ግን» አለች። ለውፍረቷ ኦፕራሲዮን ልታደርግ ቀጠሮ ይዛለች። ፈርታ እንደሆነ ገመትኩ፤ ለካ እሱ አይደለም የጨነቃት። «የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይጠይቁኛል። ልንገራቸው ወይስ ልደብቃቸው? አንቺ ያኔ እንዴት አደረግሽ?» አለችኝ።

እኔ አፌ የሚያዝ ሰው አይደለሁም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። ያን ቀን ግን «ድስት ጥጃለሁ፤ መልሼ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ምንም የጣድኩት ድስት አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ስሙ ይቅርና፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ ዝናብ የከዳቸውን የቆላ ቀበሌዎች እየዞርኩ የእርዳታ እህል የሚገባቸውን ቤተሰቦች መመዝገብ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኛል፤ ኪሎዬን ግን ተዉት። ባጃጅ ያኔ ገና ወደ ከተማችን መግባቷ ነበርና ሾፌሮቹ ከሩቅ ሲያዩኝ «እትዬ፣ ኮንትራት ነው አይደል?» ይሉኝ ነበር። እስቃለሁ። ምን ላድርግ፣ እውነታቸውን ነው፤ ከጎኔ ሌላ ሰው አይቀመጥም።

በአገራችን መወፈር ነውር አልነበረም። እንዲያውም «አምሮብሻል፣ ደልቶሻል» ነው የሚባለው። ግን የሮቢትን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፣ ማንጎ ጥላ ሥር የተኛ ውሻ እንኳ ቀና አይልም። እኔ ደግሞ ግፊት አለብኝ፣ ጉልበቴ ያብጣል። አንድ ቀን ወደ አንዲት ተራራ ሥር ያለች ቀበሌ ለምዝገባ ስንወጣ ትንፋሼ ቁርጥ አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ባለ አምስት ልጅ ሴት እጄን ይዛ ዳገቱን ጎትታ አወጣችኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ ቀስ በይ» ትለኛለች። እኔ የሄድኩት የእሷን ረሃብ ልመዘግብ ነው። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዱባይ የምትኖር እህቴ ይህን ስነግራት አለቀሰችና «ነይ፣ እዚህ ጨጓራ የሚያሳንሱ ሐኪሞች አሉ» አለችኝ። ለመሥሪያ ቤቱ እህቴ ልትወልድ ነው፣ ላርሳት ነው ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ። እህቴ አልወለደችም። እኔን አንድ የሕንድ ሐኪም ጨጓራዬን ቆርጦ፣ የቀረችውን ሰፍቶ ላከኝ።

ስመለስ ለመናገር አስቤ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን የመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የጠበቀኝ የተመዝጋቢዎች ዝርዝር ነበር። የሚበላ ያጡ ሰዎች ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ «መብላት ቢበዛብኝ ሆዴን አስቆረጥኩ» ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር? ነገ እላለሁ አልኩ። ነገም ነገ አልኩ።

ችግሩ ምሳ ላይ መጣ። እኛ ቢሮ ምሳ የሚበላው በጋራ ነው። ሁሉም ከቤቱ ያመጣውን አንድ ትልቅ ትሪ ላይ ያወርደዋል። ክርስቲያንም ሙስሊምም አብረን ስለምንቆርስ ሥጋ አይመጣም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ የማሾ ወጥ፣ ቲማቲም በቃሪያ ነው። የትሪው አዛዥ ታይፒስታችን እትዬ ብርቄ ነበሩ። ደግ ናቸው፤ ደግነታቸው ግን በጉርሻ ነው የሚለካው። «አንድ ያጣላል» ይሉና ሁለተኛውን ይደግማሉ፣ ሦስተኛውን ይሠልሳሉ። የእኔ ሆድ ደግሞ ከሦስት ጉርሻ በላይ አይችልም። ጨጓራዬን አሞኛል ማለት ጀመርኩ። ውሸትም አልነበረም።

ወር በወር ሥጋዬ ረገፈ። ቀሚሴ ላዬ ላይ ዋለለ፣ አንገቴ ሥር አጥንት ወጣ። ሮቢት ደግሞ የመኪና መንገድ ከተማ ናት፤ ስንቱን ቀብራለች። ያኔ ሰው ከሳ ማለት ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ ስሙን እንኳ ደፍሮ የሚጠራው የለም፣ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። ሹክሹክታው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። እትዬ ብርቄም አንድ ቀን የእኔን ድርሻ በትንሽ ሳህን ለብቻ አቀረቡልኝ። «እንዲመችሽ ብዬ ነው» አሉ። ገባኝ፤ ግን ያልገባኝ መሰልኩ።

በዚህ መሐል ነው ጋሼ ሰይድ ወደ እኔ የቀረቡት። ጋሼ ሰይድ የእህል መጋዘኑ ኃላፊ ነበሩ፤ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ዝምተኛ፣ የይፋት ሰው። ሚስታቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞተውባቸዋል፤ «በሳንባ ነው» ይባል ነበር። ልጃቸው ደብረ ብርሃን ተድራ እሷን ለመጠየቅ በየወሩ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ ያለ አቅሜ ጎረስኩና ሮጬ መጋዘኑ ጀርባ ሄጄ አስመለስኩ። ጋሼ ሰይድ በጣሳ ውሃ ይዘው መጡ። ፊቴን ታጠብኩ፤ ባዶ ጆንያ አንጥፈው አስቀመጡኝ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው የሚያደርገው። እኔንም ሁለት ወር አስመልሶኛል።»

የቱ መድኃኒት ልል አፌን ስከፍት ዓይናቸውን አየሁት።

«እዚህ ጤና ጣቢያ እንዳትወስጂ፤ ሰው ያይሻል። እኔ ልጄን ልጠይቅ እያልኩ ደብረ ብርሃን ነው የምወስደው። ወላሂ፣ ከሟች ሚስቴ በቀር ይህን የነገርኩት ፍጡር የለም። አንቺ ግን ብቻሽን ስትሰቃዪ ማየቱን አልቻልኩም።»

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም» ለማለት ስንት ሰከንድ ይበቃል? ሁለት? አላልኩም። መጀመሪያ ደንግጬ ነው። ቀጥሎ፣ ገመናቸውን ከፍተው ካሳዩኝ በኋላ የእኔ ሌላ ነው ብላቸው እርቃናቸውን እንደመተው ሆኖ ታየኝ። ይህ ለሰው የምነግረው ምክንያት ነው። ሌላም አለ። ወር ሙሉ ሰው ሲሸሸኝ ከርሞ አንድ ሰው ከጎኔ መቀመጡ ደስ አለኝ። ያቺን ደስታ ማጣት አልፈለግኩም።

ከዚያ ወዲያ የተደረገልኝን አባቴም አላደረገልኝም። ጠዋት ጠዋት በፔርሙዝ የማሽላ አጥሚት ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ ሆዴ ከሁሉም ነገር እሱን ተቀበለ። ሩቅ ቀበሌ ለምዝገባ ሲመደብብኝ «እኔ በዚያ በኩል ጉዳይ አለኝ» ብለው ይሄዱልኛል። የጣርማበርን ዳገት ወጥተው ከደብረ ብርሃን ሲመለሱ የሐኪሙን ምክር ያመጡልኛል፤ እንቁላል ብዪ፣ እንቅልፍ አታጉድዪ። አንድ ቀን «አንቺስ የት ነው የምትወስጂው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዲስ አበባ» አልኳቸው። ዝምታው ያን ቀን ውሸት ሆነ። ማታ ማታ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እምል ነበር። ጠዋት ፔርሙዙን ሳይ መሐላዬ ይፈርሳል።

ያኔ ደግሞ ግምገማ የሚባል ነገር ነበር፤ የኖረበት ያውቀዋል። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰብና እያንዳንዱ ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ከዚያ ሌላው ሂሱን ያወርድበታል። ብልጥ የሆነ ሰው «አንዳንዴ አረፍዳለሁ» ብሎ በትንሿ ኃጢአት ያልፋል። የእኔ ተራ ሲደርስ እኔም አንዳንዴ አረፍዳለሁ አልኩ። ኃላፊያችን ማስታወሻቸውን ገለጥ አደረጉና ከመስክ ሥራ መሸሼን፣ ከሠራተኛው ጋር ማዕድ መቁረስ መተዌን አነሱ። ሌላው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ እትዬ ብርቄ ተነሱ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ክፉ ሴት አይደሉም፣ ፈርተው ነው።

«ጠልተናት አይደለም» አሉ። «ግን አንድ ትሪ ነው የምንቆርሰው፤ እቤታችን ልጆች አሉን። ያለባትን ትንገረን።»

«አስካለ፣ ቤቱ እየጠየቀሽ ነው» አሉኝ ኃላፊው።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ላብ ከጀርባዬ ይወርዳል። ዱባይ፣ ሕንዱ ሐኪም፣ ያቺ ዳገት ላይ የጎተተችኝ ሴት፣ ሁሉም አፌ ላይ ተጋፉና አንዱም አልወጣ አለ። ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ጋሼ ሰይድ ቆመዋል።

«ልጅቷን ተዉአት» አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «በሽታው በትሪ አይተላለፍም። በትሪ ቢሆን ስንት ዓመት አብራችሁኝ በልታችኋል። አለብኝ እኔ። መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ይኸው ቆሜ እሠራለሁ። እሷም ትቆማለች። የምትጠይቁት ካለ እኔን ጠይቁኝ።»

አጠገባቸው የነበሩት ሁለት ሰዎች ወንበራቸውን ቀስ ብለው ሳብ ሲያደርጉ አየሁ። ከዚያ ሁሉም ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝን እስከ ዛሬ አስቤው አልጨረስኩም። ምንም ባላደርግ ይበቃ ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ብቀመጥ ደግሞ ምን እሆን ነበር? እኔ ግን ብድግ አልኩና ጮህኩ። «እኔ የለብኝም! እኔ ኦፕራሲዮን ነው! ልክሳ ብዬ ጨጓራዬን አስቆርጬ ነው፤ ካላመናችሁ ጠባሳውን ላሳያችሁ!» አልኩ። ሸሚዜን ልገልጥ እጄን ሰድጄ ነበር፤ እትዬ ብርቄ ናቸው ሮጠው የያዙኝ።

አቅፈው ሳሙኝ። «ተመስገን! ተመስገን! እኛ እኮ ያ መስሎን!» እያሉ አለቀሱ። አዳራሹ ተተራመሰ፣ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው «ሆዷን? ለመክሳት?» ብሎ ጭኑን መታ። ኃላፊው ራሳቸው ሳቁ። ያን ሁሉ ወር ያስጨነቀኝ ነገር በአንድ ሳቅ አለቀ። የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር ያነሳብኝ፣ በረሃብተኛ ስም የወቀሰኝ አንድም ሰው አልነበረም። በእትዬ ብርቄ ትከሻ ላይ ቀና ስል ጋሼ ሰይድ አሁንም እንደቆሙ ነው። ተቀመጡ ያላቸው የለም። ቆባቸውን አስተካከሉና በኋለኛው በር ወጡ።

ወራት ሙሉ መናገር ሲገባኝ ዝም ብዬ፣ ዝም ማለት በሚገባኝ ደቂቃ ተናገርኩ።

ከማግሥቱ ጀምሮ ምሳቸውን መጋዘን ውስጥ ብቻቸውን መብላት ያዙ። ውጡ ያላቸው የለም፤ ኑ ያላቸውም የለም። እኔ ትሪው ላይ ተመልሻለሁ፤ አሁን ሁሉም ሰው «እሷን አታስጨንቋት፣ ሆዷ ትንሽ ነው» እያለ ይከላከልልኛል። በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ልጠይቅ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ጆንያ እየቆጠሩ ነበር። ሳልጀምር ቀደሙኝ።

«እንኳን አልሆነብሽ» አሉኝ። «አልሀምዱሊላህ። ከልቤ ነው የምልሽ።» አንድ ጆንያ ቆጠሩና፣ «ግን ያን ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ሰው አገኘሁ ብዬ እኮ ነው» አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ለስድብ መልስ አላጣም። ለዚህ ግን ይቅርታ የምትለዋ ቃል እንኳ ከአፌ ሳትወጣ ተመልሼ ወጣሁ። ክረምቱ ሲገባ ዝውውር ጠይቀው ደብረ ብርሃን ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ለመሸኛ ሻይና ዳቦ ተደረገ። የእሳቸው ብርጭቆ ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ አልመጡም።

ለእህቴ ልጅ በማግሥቱ ደወልኩላት። ለመንገርም ለመደበቅም መብቱ የራስሽ ነው፣ ሆድሽ የመሥሪያ ቤት ንብረት አይደለም አልኳት። ግን አንድ ሰው ባንቺ ምክንያት የራሱን ጓዳ ከፍቶ ሲያሳይሽ፣ ቢያሳፍርሽም ቢያሳፍረውም፣ እዚያው እውነቱን ንገሪው አልኳት። ከዚያ ለማንም ዘመድ ነግሬ የማላውቀውን ይህን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ሌላ ሌላውን ትታ «አሁን በሕይወት አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አሉ። ደህና ናቸው፣ የልጅ ልጅ አይተዋል፣ ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ሲንሸራሸሩ አየናቸው ይሉኛል ከዚያ የሚመጡ ሰዎች። ሐኪሞቹ እንዳሉት መድኃኒቱ አቁሟቸዋል። እሷም እንግዲያውስ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። ቀላል ነው። ከሮቢት መናኸሪያ ወደ ደብረ ብርሃን ጠዋትም ከሰዓትም መኪና አለ፤ ለምሳ እዚያ ይደረሳል። ይኸው እስከ ዛሬ አልሄድኩም።