ያልተመዘገበው ጨው

የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። መሪ ይዞ ቸኩሎ ስለማያውቅ ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ደም ግፊት እንዳለበት የታወቀ ጊዜ ሴት ልጁ ስልኩ ላይ አንድ አፕ ጫነችለት። የበላውን ሲመዘግብ ጨው ካነሰ አረንጓዴ፣ ከበዛ ቀይ ያበራል።

«አባዬ፣ እንዳትዋሸው» አለችው እየሳቀች።

«ስልክን ደግሞ ማን ይዋሻል!»

ቤት ውስጥ ሚስቱ ጨው ቀነሰች። ምሳ የሚበላው ግን መሥሪያ ቤቱ ካፌ ነው። እዚያ ሾርባውን ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ፤ ጨው አንስቶ እንደ ልማዱ ነሰነሰበት። አፑ «ጨው ጨምረዋል?» ሲለው «አልጨመርኩም» የሚለውን ነካ። አረንጓዴ በራ። በማግሥቱም እንዲሁ። ማታ ሚስቱ ስልኩን አይታ «ጎበዝ!» ስትለው ደስ ይለው ነበር።

ግፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም። በቀጠሮው ቀን ከሚስቱ ጋር ክሊኒክ ሲሄዱ ሐኪሟ ስልኩን አየችና ወደ ሚስቱ ዞር አለች።

«ምሳቸው እንከን አይወጣለትም። እንግዲህ ችግሩ እራቱ ላይ ነው። ሲያበስሉ ትንሽ ቢጠነቀቁስ?»

ሚስቱ አንገቷን ደፋች። «እጄ ከብዶ ይሆናል፣ ዶክተር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እሱ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጨው የሚባል ነገር ከቤቱ ጠፋ። ሚስቱ እሱን ላለማስጎምጀት ራሷም ያንኑ በላች። አንድ ምሽት የጎረሰችው አልወርድ ብሏት በውኃ ስትገፋው አየ። እሱም ሳህኑን ገፋ አደረገው።

«ስሚ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለና ሁሉንም ነገራት።

ትጮህብኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ጨዉን መብላትህስ ይሁን። እዚያ ሐኪሟ ፊት እንደዚያ ስሆን ዝም ብለህ አየኸኝ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቆ ብቻውን ክሊኒክ ሄደ። ለሐኪሟ እየተንተባተበ እውነቱን ተናገረ።

«መድኃኒት ልጨምርልዎ አስቤ ነበር እኮ!» አለችው ደንግጣ።

እዚያው ለሚስቱ ደውሎ ስልኩን ለሐኪሟ ሰጠ። ሐኪሟ ይቅርታ ስትጠይቅ፣ ሚስቱ «ኧረ ምንም አይደል፣ ዶክተር» ስትል ተሰማው።

አሁን የበላውን እንዳለ ይመዘግባል። መጀመሪያ ስልኩ ቀይ በቀይ ሆኖ ከረመ፤ ኋላ ምላሱም ለመደ፣ ግፊቱም እየወረደ መጣ። ሚስቱ ነገሩን አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። እራት ባቀረበች ቁጥር ግን «ጨው በዛበት እንዴ?» ትለዋለች፣ ከልቧ ተጨንቃ። እሱ ያኔ ቀና ብሎ ሊያያት አይችልም።