ሳይደርቅ እመለሳለሁ

ጎረቤቴ የብረት በሩን ቀለም እያስቀባ ነው። የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጁ ሽታ በመስኮት ገብቶ የያዝኩትን ሥራ አስተወኝ።

አጎቴ ሠዓሊ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ በአዘቦት ቀን ለቀበሌ መፈክር ሲጽፍ ይውላል፤ እሑድ እሑድ ግን ሀና ማርያም፣ ከቤታችን ጓሮ ቆሞ የፉሪን ተራራ ይሥላል። ብሩሽ አይወድም። ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ ሰው ቀለሙን በቢላዋ እየዛቀ ሸራው ላይ ይቆልለዋል።

«ጋሼ፣ ለምንድነው እንዲህ የምታወፍረው?» አልኩት። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

«የጠዋት ፀሐይ ከተራራው ሥር ባለው የኑግ ማሳ ላይ ስታርፍ አላየሽም? ትከብዳለች እኮ። በስሱ ብቀባት ውሸት ይሆንብኛል።»

አንድ እሑድ የማሳውን ቢጫ እንደጨረሰ ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጥተው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉት። እጁን በጨርቅ ጠረገና ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«እንዳትነኪው። ሳይደርቅ እመለሳለሁ።»

እኔ ግን በየጠዋቱ ቢጫውን በጣቴ እጫነው ነበር። ጣቴ ሲሰምጥ ደስ ይለኛል። «እማዬ፣ አልደረቀም!» ስላት እናቴ ፊቷን ታዞራለች። ክረምቱ አልፎ ኑጉ ዳግመኛ ሲያብብ፣ አንድ ጠዋት ጣቴ አልሰመጠም። ያን ቀንም «አልደረቀም» አልኳት።

ሥዕሉ ዛሬ ሳሎኔ ተሰቅሏል። ማሳው ላይ ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች ለእንግዳ ሁሉ የሠዓሊው ጥበብ ይመስሉታል። አሁን ተነስቼ ጣቴን አንዱ ላይ አደረግኩት። አልገባም።