የአቡጀዲ መጫኛው ብረት

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን ራጅ ልነሳ ገብቼ፣ ባለሙያዋ ከእርሳስ የተሠራ ሽርጥ ደረቴ ላይ ጣል አደረገችብኝ። "ጨረር ይከላከልልሻል፣ አይዞሽ" አለችኝ። ክብደቱ ሲጫነኝ የአዲስ አቡጀዲ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ እንባዬ መጣ። ጥርሴን ያመመኝ መስሏት ደነገጠች።

አባቴ ጎንደር ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በአካባቢያችን የነበረው ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት ቢሆነውም ትርፍራፊው ከየቤቱ አልወጣም ነበር፤ አንዱ የመድፍ ቀለህን ሙቀጫ፣ ሌላው የአበባ ማስቀመጫ ያደርገዋል። ለእኛም ደንበኛችን የነበሩ የኮሶዬ ገበሬ ከማሳቸው ያገኙትን፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ድፍን ብረት አመጡልን። አባቴ የአቡጀዲው ጣቃ እንዳይፈታ በላዩ ይጭነው ጀመር። የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሜ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እሱ ላይ ተቀምጦ ብስኩቱን ይበላል።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዘራችን እዚያ የደረስኩ የመጀመሪያዋ ስለሆንኩ ሁሉን ያወቅሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችን ጃፓን ላይ ስለተጣሉት ቦምቦች አስተማሩን። ሂሮሺማን የፈጀው ዩራኒየም፣ ናጋሳኪን የፈጀው ፕሉቶኒየም እንደሆነ በጠመኔ ጻፉልን። ዩራኒየም ከእርሳስም ይከብዳል አሉ። ከእሳቱ የተረፉት ሰዎች ውለው አድረው ድዳቸውና አፍንጫቸው እየደማ፣ ቆዳቸው ሐምራዊ ነጠብጣብ እያወጣ ማለቃቸውን ሲነግሩን የሱቃችን ከባድ ብረት ትዝ አለኝ። ወንድሜን መንሰር ከጀመረው ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። እግሩ ላይም ነጠብጣቡን አይቼዋለሁ።

መምህሩን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም፤ በሩጫ ሄጄ ብረቱ ወንድሜን እየገደለው ነው ብዬ ለአባቴ ነገርኩት።

"ሐኪም ቤት ልውሰደዋ?" አለኝ።

"መድኃኒት የለውም አባባ። ብረቱን ማራቅ ነው" አልኩት ደብተሬን ገልጬ። አባቴ ማንበብ አይችልም። ደብተሬን በሁለት እጁ ይዞ አየና አመነኝ።

ቅዳሜ ገበሬው ሲመጡ ገደል እንዲጥሉት ለመንናቸው። "ምነው ልጄ፣ ብረት ምን በደለሽ? ሸጋ መጫኛ አልነበረም?" እያሉ አህያቸው ላይ ጫኑት። ጎረቤት እንዳይሸሸን ለማንም ሳንናገር ተቀመጥን። ነስሩ ለአንድ ሳምንት ቆመ። አባቴ እናቴን "አየሽ? የተማረ መውለድ እንዲህ ነው!" ሲላት በኩራት አንገቴን ቀና አደረግሁ።

ብረቱ በሄደ በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ መቆም አቃተው። ሆስፒታል ስናስገባው ሐኪሙ የደም ካንሰር ነው አሉ። "ይሄን ሁሉ ቀን የት ነበራችሁ?" ብለው ተቆጡ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። "ሥራ በዝቶብኝ ነው ዶክተር" አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወደ መምህሩ ሮጥኩ። ቦምብ የሚሆን ዩራኒየም በስንት ፋብሪካ ተጣርቶ የሚወጣ እንጂ ማሳ ላይ ተጥሎ የሚገኝ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። ለምን እንደጠየቅኋቸው ግን አልነገርኳቸውም።

"እታለም፣ ብረቱ ከሄደ ምነው አልዳንኩ?" አለኝ ወንድሜ አልጋው ላይ ሆኖ።

"ቀስ እያለ ነው የሚለቅህ" አልኩት። ያን ጊዜም ዋሸሁት። ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ከቀብር ሲመለስ አባቴ አጠገቤ ተቀመጠ። "ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ጥፋቱን ለእኔ ተይልኝ" አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቀስተኛው ሲበተን ትምህርት ቤት ድረስ ራሱ ሸኘኝ። በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ወደ ሱቁ የሚወስደውን መንገድ አለፈው፤ ወንድሜ ተኝቶ ሳለ እንደለመደው ወደ ሆስፒታሉ ታጠፈ።