የታችኛው መደርደሪያ

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው፣ ኤሌክትሪክ ሳይጠፋ ሽቦ ነክተው አያውቁም። ቁስቋም ባለው ቤታቸው ቡፌው ውስጥ ኤልኢዲ መብራት ሲያስገቡ እኔን በረንዳ ላይ ካለው ቆጣሪ አጠገብ አቆሙኝ። አንዱን መደርደሪያ አብርተን ከሞከርን በኋላ ወደ ሌላው ሲያልፉ ከውስጥ ይጣራሉ።

"አጠፋሽው?"

"አጥፍቻለሁ፣ አያ።"

የታችኛው መደርደሪያ ላይ ስንደርስ ሰለቸኝ። ቆጣሪውን ሳልነካ "አጥፍቻለሁ" አልኩ። አያ እጃቸውን ወደ ሽቦው ሲሰዱ አጠገባቸው ያለው ፍሪጅ ማጉረምረም ጀመረ። ኤሌክትሪኩ እንዳልጠፋ ገባቸውና ጠሩኝ።

"ምነው ልጄ?"

"ኤልኢዲ እኮ ሰው አይገድልም፣ አያ።"

"እሱስ አይገድልም፤ ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት መስመር ግን ይገድላል። እኔ እጄን የምሰደው አንቺን አምኜ ነው።"

አልተቆጡም። ዕቃቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ የታችኛው መደርደሪያ እንደ ጨለመ ቀረ። ዛሬ ነገ ስል ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

ከአርባቸው በኋላ ልጨርሰው ሄድኩ። ቆጣሪውን አጥፍቼ ቡፌው ፊት ተንበረከክሁ፤ ሽቦውን ሳልነካ ግን ብዙ ቆየሁ። ለካ እስኪጠይቁኝ እየጠበቅሁ ነው።

"አጥፍቻለሁ፣ አያ" አልኩ። የዛሬው እውነት ነው።