መኪና የሚጭነው መርከብ

ልጄ ስልኳን ፊቴ ደቅና ሰማያዊ ነገር አሳየችኝ።

"ማሚ፣ ሉክ፣ ጋልቨስተን! ከዳላስ አምስት ሰዓት ድራይቭ ብቻ ነው። ቢች አለ፣ ፎርት አለ፣ ሽሪምፕ አለ።"

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ዓይኔን ሽንኩርቱ ያቃጠለኝ መስሏት ሳቀችብኝ።

ባህር እፈራለሁ። ትንሽ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ ሐይቅ ዳር አልቆምም፣ የግቢያችን መዋኛ ገንዳ ባለበት በኩል አላልፍም። ምክንያቱን ከቤተሰቡ የሚያውቀው ባለቤቴ ብቻ ነው። እሱ ቀድሞኝ የመን፣ ሰንዓ ገብቶ ነበር። እኔ ከወሎ ተነስቼ በጅቡቲ በኩል፣ በደላላ ጀልባ ቀይ ባህርን ተሻግሬ ነው የደረስኩበት። ልጃችን የተወለደችው እዚያው የመን ነው፤ አሜሪካ ስንገባ ገና ዳዴ ትል ነበር። ወደ የመን እንዴት እንደገባን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ከአገር አገር የሚኬደው በአውሮፕላን ብቻ ይመስላታል። እኔም አልነገርኳትም። ምንም የማትፈራ ልጅ ናት፤ ውሻ አትፈራ፣ ከፍታ አትፈራ፣ አስተማሪ አትፈራ። ፍርሃት እንደ ጉንፋን የሚጋባ ይመስለኛል፤ እንዳላስይዛት ብዬ ነው ያን ሁሉ ዓመት አፌን የዘጋሁት። አሁን ግን ባህር ዳር ወስዳ ልታቆመኝ ነው። እዚያ ከቆምኩ ምንም እንደማልደብቃት አውቃለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ እራት ላይ የሚወራው ይኸው ሆነ። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ "ለአንድ ጊዜ እንኳ ተሳፋሪ ሳልጭን ልንዳ" ብሎ ደስ አለው። የሽሪምፑን፣ የዚያን ባለ ብዙ እግር የባህር ፍጥረት፣ ፎቶ ስታሳየው ግን ፊቱን አኮማተረ።

"ይሄማ አንበጣ ነው። እኛ አገር ከማሳ እናባርረዋለን እንጂ አንበላውም።"

እኔ የመጣልኝን ሁሉ ሞከርኩ። ኦክላሆማ ተራራ አለ አሉ፣ ለምን እዚያ አንሄድም አልኩ። "ማሚ፣ ተራራ ወሎ አልነበረሽም?" አለችኝ። ፀሐዩ ያጠቁርሻል አልኳት፤ ሳቀች። ሻርክ አለ አልኳት፤ ጭራሽ ዓይኗ በራ።

ከዚያ ዋናው መጣ። ምሽጉ፣ እሷ ፎርት የምትለው፣ ያለው ከውሃው ማዶ ነው። "መንገዱ እዚህ ጋ ያልቃል፣ ኦኬ? ሶ መኪናችንን መርከብ ላይ ፓርክ እናደርጋለን። መርከቡ ይወስደናል። ዶልፊን ሁሉ አለ!" ቪዲዮውን ከፈተችልኝ። የሞተሩን ድምፅ ስሰማ የናፍጣና የጨው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ቆለፍኩ።

ባለቤቴ ቀስ ብሎ አንኳኳ።

"እኔ ልንገራት?"

"ብትነግራት አልምርህም።"

"እሺ፣ ይቅርብን ልበላት?"

"ምክንያቱ ምንድነው ብትልህስ?"

ኮቴው ወደ ሳሎን ራቀ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነው ሽማግሌው ትዝ ያሉኝ።

መጀመሪያ ዳላስ ስንገባ ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር አንድ አፓርትመንት ውስጥ ጎረቤታችን የነበሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። የማይከለክሉት ነገር የለም። ሞተር ሳይክል ልግዛ ላላቸው "ይቅርብህ"፣ ካሊፎርኒያ እንግባ ላሏቸው "ይቅርባችሁ"። በእሳቸው ቃል የቀረ ጉዞ ብዙ ነው። እኛ ደግሞ ያለ ዱዓ መንገድ አንጀምርም። ስለዚህ ቆፍጠን ብዬ፣ ሽማግሌው መጥተው ዱዓ ሳያደርጉልን ንቅንቅ አልልም አልኩ።

"ማሚ፣ ጋልቨስተን እኮ ነው! ሐጅ አይደለም!" አለች ልጄ። ግን እሺ አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፤ ሻይና ተምር አቀረብኩ። ዙሪያ ጥምጥም ሳልል ገባሁበት።

"አባባ፣ እነዚህ ባህር ካልሄድን ብለው ይዘውኛል። መርከብም አለበት። መኪናው ራሱ መርከብ ላይ ይወጣል ነው የሚሉት፣ ይታይዎት!"

ያቺን "ይቅርባችሁ" የምትል ቃላቸውን ጠበቅኩ። ሽማግሌው ተምራቸውን አላምጠው ጨረሱ።

"ዓሣ አለው?" አሉ።

"ብዙ!" አለች ልጄ።

"እሰይ። ትኩስ ዓሣ ከበላሁ ስንት ዘመኔ! ለእኔም አምጡልኝ።"

ያ ሁሉ ተስፋዬ በዓሣ ቀረ። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው፣ "በሉ፣ ሐጃችሁን ተናገሩ" አሉ።

እኔ ሞኟ፣ ይህን ረስቼው ነበር። በእኛ በወሎዎቹ ዱዓ ላይ እያንዳንዱ ሰው ሐጃውን፣ ማለትም የሚለምነውን፣ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሌላው አሚን ይላል። ተራ የሚዘለለው ሰው የለም። ባለቤቴ የሰላም መንገድ ለመነ፤ አሚን አልን። ልጄ እጇን እንደኛ ዘረጋች፤ አማርኛዋን ስትፈልግ ግንባሯ ተኮማተረ።

"እ… ማለቴ፣ ማሚ ሁልጊዜ ሥራ ነው። ዌርሃውስ፣ ቤት፣ ዌርሃውስ። እሷ ባህር አይታ አታውቅም። ሶ… መጀመሪያ ስታይ፣ እኔ አጠገቧ እንድሆን።"

"አሚን!" አሉ ሁለቱ። ተራው የእኔ ሆነ።

ሦስቱም እኔን ያያሉ። ለሰው ዋሽቼ አውቃለሁ፤ እጄን ወደ አላህ ዘርግቼ መዋሸት ግን ከባህሩም በላይ አስፈራኝ።

"ባህር አውቃለሁ" አልኩ። "የመን የገባሁት በጀልባ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ የብሱ ገና ሩቅ ሳለ፣ ባለጀልባዎቹ ፖሊስ እንዳይዛቸው ፈርተው ውሃ ውስጥ ወረወሩን። ዋና አልችልም። እግሬ መሬት ሲነካ ውሃው እስከ አገጬ ነበር። ከእኔ አጠር የሚሉት ሴቶች…" መጨረስ አልቻልኩም። "ሐጃዬ፣ አላህ ሁለተኛ ውሃ ላይ እንዳያወጣኝ ነው።"

አሚን ያለ የለም። ለእኔ ልመና አሚን ማለት የልጅቷን ማፍረስ ነው፤ ሽማግሌውም አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ።

"መቼ ነው?" አለች ልጄ። እጇ እንደተዘረጋ ነው።

"አባትሽ ጋ ስሄድ።"

"እኔ የት ነበርኩ?"

የዘረጋሁትን እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩት። "እዚህ ነበርሽ። ውሃው ውስጥ ስወድቅ ነው መጀመሪያ የተንቀሳቀስሽው።"

ፊቷን ማየት ፈራሁ። ከዚህ ሁሉ ስሸሽ ነበር የኖርኩት።

"ፈርቼ ነበር?" አለችኝ።

ይህን አስቤው አላውቅም። ፍርሃቱን ከእሷ የደበቅኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አብራኝ ነበረች።

"አላውቅም" አልኳት። "እኔ ግን በጣም ፈርቼ ነበር። አሁንም እፈራለሁ።"

በጉልበቷ ተጎትታ መጥታ፣ ያን የሚያህል ቁመት ይዛ፣ ጭንቅላቷን ሆዴ ላይ አስደገፈች። ጉንጯ እርጥብ ነበር። ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እስቲ ሐጃሽን እንደገና ተናገሪው" አሉኝ።

"መርከቡ ላይ ልጄ እጄን እንዳትለቀኝ" አልኩ።

ከሁሉም ቀድማ አሚን ያለችው እሷ ነበረች።